የማንጠግቦሽ መስኮት

ተረቴ ከደጅ ደጅ ይዞራል፤ እናንተ ቁጭ በሉና በጆሯችሁ ተከተሉት።

በቁልቋል በር ከተማ፣ ከጉድባ ወንዝ ዳር፣ ማንጠግቦሽ የምትባል ልብስ ሰፊ ነበረች። ባሏ ከሞተ ስምንት ዓመቱ ነው። የተወላት አንድ ክፍል የጭቃ ቤትና አንድ በእግር የሚረገጥ የስፌት መኪና ነበር። ቤቱ ጥሩ ቤት ነው፤ ጣራው አያፈስም፣ ግድግዳው አልዘመመም። አንድ ነገር ብቻ ጎድሎታል። መስኮት የለውም። በሩን ከዘጉት ቀኑ ይጨልማል፤ ከከፈቱት ደግሞ ብርሃኑ ደፉ ላይ ቁጭ ብሎ ወደ ውስጥ አልገባም ይላል። የኤሌክትሪክ መብራቱም ቢሆን እንደ ሩቅ ዘመድ ነው፤ ሲመጣ ደስ ይላል፣ መቼ እንደሚመጣ ግን አይታወቅም።

ስለዚህ ማንጠግቦሽ በጋውን የምትሰፋው መኪናዋን ደጅ አውጥታ ነው። ክረምት ሲገባ ወደ ውስጥ ትገባለች፣ ያኔ መከራ ነው። ባለፈው ክረምት በዚያ ጨለማ ስትዳብስ የአንዱን ልጅ ሱሪ ከሌላው ልጅ ሱሪ ጋር ሰፋችው። ሁለት እናቶች አንድ ሱሪ ወዲያና ወዲህ ሲጎትቱ ከተማው ሁሉ ሳቀ። እሷ ግን አልሳቀችም፤ ቤቷ ገብታ አለቀሰች። ዘንድሮ ደግሞ ትምህርት ቤቱ የሁለት መቶ ተማሪ ዩኒፎርም እንድትሰፋ ሰጣት። ርእሰ መምህሩ ጨርቁን ሲያስረክቧት፣ "ለመስከረም አንድ ላይ መድረስ አለበት፤ የማይሆንልሽ ከሆነ ከወዲሁ ንገሪን፣ ሌላ ሰው እንፈልጋለን" አሏት።

"ይሆንልኛል" አለች።

በሚያዝያ ወር በአንድ ማለዳ ግድግዳዋን ትክ ብላ አየችና፣ "እዚህ ጋ መስኮት አስገባለሁ" ብላ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች።

መጀመሪያ የሄደችው ወደ በያጁ ወደ ሽባባው ነው። በቁልቋል በር የእንጨት መስኮት የሚያስገባ የለም፤ ምስጡ ዓመት አያቆየውም። መስኮት ማለት የብረት መስኮት ነው።

"ሽባባው ልጄ፣ መስኮት ሥራልኝ" አለችው። "ክንድ ከስንዝር በሁለት ክንድ ይበቃኛል።"

ሽባባው የብየዳ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ባዶ እጆቹን ዘረጋላት።

"እትዬ፣ ለእርስዎ ብሠራማ ደስታዬ ነበር። በምን ልሥራው? ብረት የለም። ከጥር ወዲህ የተሰበረ የድስት ጆሮ ስበይድ ነው የምውለው። ብረት ከሌለ መስኮት የለም።"

"ብረቱስ የት ሄደ?"

"እሱን ጋሽ ቸኮልን ይጠይቋቸው።"

ማንጠግቦሽ ሄደች። ብረት ከሌለ መስኮት የለም፤ መስኮት ከሌለ ማንጠግቦሽ ብርሃን የላት።

አቶ ቸኮል የሕንፃ መሣሪያ ነጋዴ ናቸው። የስማቸው ያህል ቸኩለው አያውቁም። ያን ቀን ባዶ መደርደሪያቸውን ተደግፈው ሬዲዮ ያዳምጣሉ። ሬዲዮው፣ "የኮንስትራክሽን ዘርፉ ለአገራችን ኢኮኖሚ ያለው ድርሻ..." እያለ ያወራል።

"ጋሽ ቸኮል፣ ይኸ ዘርፍ የሚሉት ምንድን ነው?"

"እኔ አላውቅልሽም ማንጠግቦሽ። ነጋ ጠባ ያወሩታል።"

"እኔ የማውቀው ዘርፍ የነጠላ ዘርፍ ነው። አንዷን ክር ሳብ ካደረጓት ሌላዋ ተከትላት ትመጣለች፤ ቆይቶ ጥለቱ፣ ቆይቶ ነጠላው።"

አቶ ቸኮል ሬዲዮውን ቀነስ አደረጉት። "እንዲያ ከሆነስ የኛ ዘርፍ ከተተረተረ ቆየ። ምን ፈለግሽ?"

"ብረት። ሽባባው ብረት ከሌለ መስኮት የለም አለኝ።"

"እውነቱን ነው። እኔም ብረት የለኝም። አስመጪዎቹ ሙሉ ጭነት ካላዘዝኩ አይልኩልኝም፤ ሙሉ ጭነት ደግሞ ያለ ካሚዮን አይመጣም። ስኳሩንና ጨውን በአህያ አሻግሬያለሁ። ስድስት ሜትር ብረት የጫነች አህያ ግን አንዴ ዞር ካለች የሰፈሩን አጥር በሙሉ ታነሳለች። ካሚዮን ከሌለ ብረት የለም።"

"ካሚዮኑስ ለምን አይመጣም?"

"ሾፌሩን ደረበን ጠይቂው። ከወንዙ ማዶ ቆሞ ታገኚዋለሽ።"

ማንጠግቦሽ ሄደች። ካሚዮን ከሌለ ብረት የለም፤ ብረት ከሌለ መስኮት የለም፤ መስኮት ከሌለ ማንጠግቦሽ ብርሃን የላት።

ጉድባን በድንጋይ ላይ እየዘለለች ተሻገረች። አንደኛው ድንጋይ ከድቷት እስከ ጉልበቷ ረጠበች። ሾፌሩ ደረበ ከካሚዮኑ ጥላ ሥር ተቀምጦ ሻይ ይጠጣል።

"ደረበ፣ አንተ ካልመጣህ ካሚዮን የለም፤ ካሚዮን ከሌለ ብረት የለም፤ ብረት ከሌለ መስኮት የለም፤ መስኮት ከሌለ እኔ ብርሃን የለኝም። በል ተነሥና ና!"

ደረበ ሳቀ፤ ቀሚሷ እንደረጠበ ሲያይ ግን ሳቁን ተወና ሻዩን አቀበላት።

"እትዬ፣ መምጣቱን ማን ጠላ? ቤቴ እኮ ማዶ ነው፤ ካሚዮኔን ጥዬ መሻገር ስለማልችል ሚስቴንና ልጆቼን እዚህ ቆሜ በእጄ ሰላም እላቸዋለሁ። ግን ካሚዮኔ ክንፍ የለውም። የድሮውን ድልድይ አምና ወንዙ ወሰደው፤ አዲሱ አላለቀም። ብረቱን ወንዝ ዳር ላራግፍ ብልስ ለማን አደራ ሰጥቼ ልመለስ? ድልድይ ከሌለ ካሚዮን የለም።"

"ድልድዩስ ለምን አላለቀም?"

"ኢንጂነሩ ከታች ናቸው። እሳቸውን ይጠይቁ።"

ማንጠግቦሽ ሄደች። ድልድይ ከሌለ ካሚዮን የለም፤ ካሚዮን ከሌለ ብረት የለም፤ ብረት ከሌለ መስኮት የለም፤ መስኮት ከሌለ ማንጠግቦሽ ብርሃን የላት።

ኢንጂነር ቢተው ወጣት ነው፤ የመጀመሪያ ድልድዩ ነው። የድልድዩ ሁለት እግሮች ወንዙ ውስጥ ቆመዋል፤ በላያቸው የእንጨት ድጋፍ ተደርድሯል፣ ፌሮው ታስሯል። ሠራተኛ ግን የለም። ኢንጂነሩ ብቻውን ድጋፉን እየዞረ ይነካካል፣ ሰማዩን ቀና ብሎ ያያል።

"የእኔ ልጅ፣ ድልድይ ከሌለ ካሚዮን የለም፤ ካሚዮን ከሌለ ብረት የለም፤ ብረት ከሌለ መስኮት የለም፤ መስኮት ከሌለ እኔ ብርሃን የለኝም። ምን ሆነው ነው ያቆሙት?"

"የእኔ እናት፣ ሲሚንቶ አለኝ። አሸዋ አለኝ። ውሃውም ይኸው። ያጣሁት ጠጠር ነው" አለ። ድምፁ ደከም ያለ ነበር። "ጠጠር ከሌለ ድልድይ የለም። ሰኔ ሳይገባ ካልሞላሁት፣ ወንዙ ሲመጣ ይኼን ሁሉ ድጋፍ ጠራርጎ ይወስደዋል። ከዚያ ሌላ ዓመት ነው። ሌላ ዓመት የሚሰጠኝም አይመስለኝም።"

"ጠጠር ሰባሪዎቹስ?"

"ሁለት ሳምንት ሆናቸው፣ መዶሻቸውን ጥለው ሄዱ። ለዞኑ ደብዳቤ ጽፌያለሁ።"

"እነሱንስ ጠይቀዋቸዋል?"

ኢንጂነር ቢተው አቀረቀረ። ጆሮው ቀላ።

"አልጠየቅኋቸውም" አለ።

"እኔ ልጠይቃቸው" አለች፤ ሄደችም። ጠጠር ከሌለ ድልድይ የለም፤ ድልድይ ከሌለ ካሚዮን የለም፤ ካሚዮን ከሌለ ብረት የለም፤ ብረት ከሌለ መስኮት የለም፤ መስኮት ከሌለ ማንጠግቦሽ ብርሃን የላት።

ጠጠር የሚሰበርበት ቦታ ከወንዙ ከፍ ብሎ ገላጣ ሜዳ ላይ ነው። ድንጋዩ ተቆልሏል፤ መዶሻዎቹ እንደተጣሉ አሉ። ከጠጠር ሰባሪ ሴቶቹ ሰብሳቢ ከየሻረግ በቀር ማንም የለም። የሻረግ ሕፃን አዝላ፣ ነጠላዋን በልጇ ራስ ላይ እንደ ዣንጥላ ዘርግታ ቆማለች።

"የሻረግ፣ እንደምን አለሽ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን እትዬ ማንጠግቦሽ። በደህና ነው?"

"በደህናስ አይደለም" አለችና ትንፋሿን ሰብሰብ አድርጋ፣ "ጠጠር ከሌለ ድልድይ የለም፤ ድልድይ ከሌለ ካሚዮን የለም፤ ካሚዮን ከሌለ ብረት የለም፤ ብረት ከሌለ መስኮት የለም፤ መስኮት ከሌለ እኔ ብርሃን የለኝም። ለምን ተዋችሁት?" ብላ ጠየቀች።

የሻረግ ወደ ሜዳው መሐል አመለከተች። አንድ ትልቅ ጉቶ አለ።

"ሾላው እዚያ ነበር። አሥራ ሁለት ሴቶች ነን፤ ሰባታችን ሕፃን አለን። ልጆቹን ከሾላው ሥር አስተኝተን፣ አንዳችን በተራ እየጠበቅን ሌሎቻችን እንሰብር ነበር። መንገዱ ይስፋ ተባለና ሾላው ተቆረጠ። በሦስተኛው ቀን ይቺን ብርቄን ፀሐይ መታት። ሁለት ቀን ሙሉ ዓይኗን አልገለጠችም፤ ሞተችብኝ ብዬ ነበር።" የልጇን እግር ጨበጥ አደረገች። "አዝለን እንዳንሰብር ፍንጣሪው ያገኛቸዋል። በአንድ እጅ መዶሻ በአንድ እጅ ልጅ ተይዞ ደግሞ ድንጋይ አይሰበርም፤ ጣት ነው የሚሰበረው። ሥራውን ጠልተን አይደለም እትዬ። ቤታችን ባዶ ነው። ግን ጥላ ከሌለ ጠጠር የለም።"

ማንጠግቦሽ ብርቄን አየቻት። ልጅቷ ጣቷን እየጠባች መልሳ አየቻት።

"ዳስ አትጥሉም?"

"በነጠላ ሞከርን፤ ነፋሱ ወሰደው። ከፕሮጀክቱ መጋዘን ባዶ የሲሚንቶ ከረጢት ሞልቷል፤ ኢንጂነሩም ጣሉት ብለዋል። አጥበን ብንሰፋው ጥሩ ጥላ ይሆን ነበር። ጋሽ አጥናፉ ግን ገና ስንጠጋ በዱላ ያባርሩናል።"

ማንጠግቦሽ ሄደች። ከረጢት ከሌለ ጥላ የለም፤ ጥላ ከሌለ ጠጠር የለም፤ ጠጠር ከሌለ ድልድይ የለም፤ ድልድይ ከሌለ ካሚዮን የለም፤ ካሚዮን ከሌለ ብረት የለም፤ ብረት ከሌለ መስኮት የለም፤ መስኮት ከሌለ ማንጠግቦሽ ብርሃን የላት።

የመጋዘን ጠባቂው አቶ አጥናፉ ሽማግሌ ናቸው፤ በቁልቋል በር ሲስቁ ያያቸው የለም። በር ላይ ዱላቸውን ተደግፈው ቆመዋል። ማንጠግቦሽ ከረጢት ስትል ገና ቃሉ ከአፏ ሳይወጣ፣ "የለም!" አሉ።

"ጋሽ አጥናፉ፣ ከኋላዎ ይታየኛል እኮ። ኢንጂነሩስ ባዶውን ጣሉት ብለው የለም?"

"ይበሉ! እኔ አልሰጥም። ሂጂ!"

በሩን ፊቷ ላይ ዘጉት። ማንጠግቦሽ ከማለዳ ጀምራ ስትዞር እግሯ ዝሏል፤ የረጠበው ቀሚሷ ደርቆ ተኮማትሯል። በሩ አጠገብ ካለው ድንጋይ ላይ ቁጭ አለች። "ምን አባቴ አደከመኝ! የድንጋይ ሰባሪ ጥላ፣ የሾፌር መንገድ፣ የእኔ ነገር ነው? ቤቴ ገብቼ ጨርቁን ለትምህርት ቤቱ ብመልስ አይሻልም?" አለች በሆዷ። ልትነሣም ወገቧን ያዘች።

ያኔ ከውስጥ የማቃሰት ድምፅ ሰማች። "እህህ... እናቴ ድረሽ... እህህ።"

ማንጠግቦሽ በሩን ገፋ አደረገችው። አቶ አጥናፉ መሬት ላይ ተጋድመዋል። የተጋደሙበት ሌላ አይደለም፤ ባዶ የሲሚንቶ ከረጢት ነው። መቶ ያህል ከረጢት አንዱን ባንዱ ላይ ደራርበው አልጋ አድርገውታል። አጠገባቸው ሙሉው ሲሚንቶ ከእንጨት መደብ ላይ በወግ ተደርድሯል።

አቶ አጥናፉ ስላየቻቸው አፈሩ። ሊቆጡ ፈለጉ፤ ወገባቸው አልፈቀደላቸውም።

"አየሽ?" አሉ ዝግ ብለው። "ለሲሚንቶው መደብ ተሠራለት፤ እርጥበት እንዳይነካው ብለው። ጠባቂውን ግን እርጥበት ይንካው አሉ። ሲሚንቶ እንኳ መሬት ላይ አይተኛም ልጄ። ይኸ ወገቤ ወራት ሙሉ ከወለሉ ላይ አደረ። እነዚህን ከረጢቶች ከሰጠሁ በምን ላይ ልተኛ? ፍራሽ ከሌለ ከረጢት የለም።"

"ለምን አልነገሩም ጋሽዬ?"

"ለማን? ሰው ሁሉ መጥቶ የሚጠይቀኝ ስለ ሲሚንቶው ነው።"

ማንጠግቦሽ ወደ ቤቷ ሄደች፤ መንገዱን ሁሉ እንዲህ እያለች፦ ፍራሽ ከሌለ ከረጢት የለም፤ ከረጢት ከሌለ ጥላ የለም፤ ጥላ ከሌለ ጠጠር የለም፤ ጠጠር ከሌለ ድልድይ የለም፤ ድልድይ ከሌለ ካሚዮን የለም፤ ካሚዮን ከሌለ ብረት የለም፤ ብረት ከሌለ መስኮት የለም፤ መስኮት ከሌለ ማንጠግቦሽ ብርሃን የላት።

ደጇ ስትደርስ ቀጥ ብላ ቆመች። "ፍራሽ?" አለች። "ፍራሽማ የእኔ ሥራ ነው!"

ልብስ ሰፊ ቁርጥራጭ ጨርቅ አይጥልም። ማንጠግቦሽ ከአልጋዋ ሥር የአሥራ አምስት ዓመት ቁርጥራጭ በሦስት ጆንያ አጭቃ አስቀምጣለች። ለራሷ ብርድ ልብስ ልትገጣጥምበት ነበር ሐሳቧ። በማግስቱ ጠዋት ደጇ ላይ ዘረገፈችው። የከተማው ታሪክ ሁሉ እዚያ ነበር፤ የሙሽሮች ቬሎ ጫፍ፣ የቄሱ ካባ ገበር፣ ሁለቱ እናቶች የተጓተቱበት ሱሪ እጥፋት። የባሏ ካፖርት ክንድም ነበረበት። እሱን አነሣች፤ ወደ ጉንጯ አስጠጋችው፤ ለጥቂት ጊዜ ያዘችው። ከዚያ እንደ ሌላው መተረችውና ጨመረችው። ገበር ልታደርገው የገዛችውን ስድስት ሜትር አቡጀዲ ከረጢት አድርጋ ሰፋች፣ ቁርጥራጩን ጠቀጠቀች፣ ጠርዙን በድርብ ክር ዘጋችው። ከሰዓት በኋላ ሸክላ የምትሸጥ ጎረቤቷ አህያ አዋሰቻትና ጭና ወሰደችው።

አቶ አጥናፉ ፍራሹ ላይ ተጋደሙ። ዝም አሉ። ማንጠግቦሽ ጠበቀች። አሁንም ዝም አሉ። ጠጋ ብላ ስታያቸው እንቅልፍ ወስዷቸዋል።

ሲነቁ በሩን ወለል አድርገው ከፈቱት። "ከረጢቱን ውሰዱ። ሁሉንም ውሰዱ። እኔ ራሴ አግዛችኋለሁ" አሉ፤ ሳቁም። የሻረግ ወሬውን ስትሰማ፣ "እኒያ ሰው ጥርስ ነበራቸው እንዴ?" አለች።

ፍራሽ ተገኘ፣ ከረጢት ተገኘ። ሴቶቹ ከረጢቱን ገልብጠው የሲሚንቶው አቧራ እስኪለቅ ወንዝ ውስጥ አጠቡት። የስፌት መኪናው መርፌ ለዚህ አልቻለም፤ ሦስቱ ተሰበሩ። ስለዚህ ማንጠግቦሽና አሥራ ሁለቱ ሴቶች ክብ ሠርተው ተቀምጠው በጆንያ መርፌ በእጃቸው ሰፉት። ኢንጂነር ቢተው ይኼን ሲሰማ የባሕር ዛፍ ምሰሶ አሸክሞ መጣ። ከየሻረግ ፊት ቆሞ፣ "ሾላውን ስናስቆርጥ ማን ከሥሩ እንደሚያርፍ አልጠየቅንም። ይቅርታ አድርጉልኝ" አለ።

"ምሰሶውን ቀጥ አድርገህ ካቆምክልን ይቅር ብለንሃል" አለችው የሻረግ።

ምሰሶው ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ጥላው ተዘረጋ። ብርቄና ስድስቱ ሕፃናት ከሥሩ ተደርድረው ተኙ።

ፍራሽ ተገኘ፣ ከረጢት ተገኘ፤ ከረጢት ተገኘ፣ ጥላ ተገኘ፤ ጥላ ተገኘ፣ ጠጠር ተገኘ! አሥራ ሁለት መዶሻ ከጠዋት እስከ ማታ ቀጭ ቀጭ አለ። ሠራተኛው ተመለሰ፤ ግንቦት በገባ በሁለተኛው ሳምንት ድልድዩ ተሞላ። ማንጠግቦሽ በማግስቱ ሮጣ ሄደችና፣ "አሁን ካሚዮን ይለፍ?" አለች።

"ኧረ እናቴ! ገና ጨቅላ ነው" አለ ኢንጂነር ቢተው። "ሃያ ስምንት ቀን ውሃ እየጠጣ ይጠነክራል።"

"አራስ ነዋ!"

"አዎ፣ አራስ ነው።"

ሃያ ስምንት ቀን ውሃ አጠጡት። ማንጠግቦሽ በየቀኑ ሰማዩን እያየች በደጇ ዩኒፎርሙን ትቆርጣለች፤ መቁረጡን ደጅ ጨርሳ መስፋቱን ለቤት አቆየችው። አንዳንድ ቀን ደመናው ሲከብድ እጇ ይቆማል። ደመናው ግን ያጉረመርምና ያልፋል።

በሃያ ዘጠነኛው ቀን የከተማው ሰው በሙሉ ወንዝ ዳር ወጣ። ደረበ ካሚዮኑን አስነሣ። ብረት እስከ አፉ ጭኗል። በቀስታ፣ በቀስታ ድልድዩ ላይ ወጣ። አቶ ቸኮል ዓይናቸውን በባርኔጣቸው ሸፈኑ። ኢንጂነር ቢተው ከድልድዩ ሥር ገብቶ ቆመ። "ከወደቀ በእኔ ላይ ይውደቅ" ብሎ ነበር አሉ። የኋላው ጎማ ወዲህ ማዶ መሬት ሲረግጥ እልልታው ቀለጠ። የደረበ ትንሿ ልጅ እየሮጠች ሄዳ የካሚዮኑን በር ደበደበችው።

ፍራሽ ተገኘ፣ ከረጢት ተገኘ፤ ከረጢት ተገኘ፣ ጥላ ተገኘ፤ ጥላ ተገኘ፣ ጠጠር ተገኘ፤ ጠጠር ተገኘ፣ ድልድይ ተገኘ፤ ድልድይ ተገኘ፣ ካሚዮን ተገኘ፤ ካሚዮን ተገኘ፣ ብረት ተገኘ!

ከዚያማ ቁልቋል በር ሌላ ሆነች። የአቶ ቸኮል መደርደሪያ ሞላ፤ እሳቸውም በስተርጅና መቸኮል ለመዱ። ቤት ጀምሮ ያቆመ ሁሉ ቀጠለ፤ ቤት የቀጠለ ግንበኛ ጠራ፤ ግንበኛው ምሳ ገዛ፤ ምሳ የምትሸጠዋ ሽንኩርት አዘዘች፤ ሽንኩርቱ በደረበ ካሚዮን መጣ። ሰባቱ እናቶች ለልጆቻቸው ልብስ ሊያሰፉ መጡ። ሽባባው ቤት ደጃፍ ላይ ሰው ተሰለፈ፤ በር የሚፈልግ፣ ጋሪ የሚፈልግ፣ የትምህርት ቤት ወንበር የሚፈልግ።

ሽባባው ግን መነጽሩን እያወረደ፣ "ሁላችሁም ቆዩ። መጀመሪያ የእትዬ ማንጠግቦሽ መስኮት" አለ። ከሰልፉ ማንም አላጉረመረመም። መብራት ብቻ እንደ ልማዱ ሄዶ ነበር፤ ሐሙስ ዕለት መጣ። ሐሙስ ተበየደ፣ ዓርብ ሰማያዊ ቀለም ተቀባ፣ ቅዳሜ ግድግዳው ተፈልፍሎ ገባ።

ማንጠግቦሽ እሑድን አርፋ ሰኞ ጠዋት መስኮቷን ከፈተች። ውጭው ደምኗል፤ የሰኔ የመጀመሪያው ዝናብ ጣራውን መምታት ጀምሯል። ቤቷ ውስጥ ግን ብርሃን ነበር። የስፌት መኪናው ጠረጴዛ ላይ፣ በጨርቁ ክምር ላይ፣ በእጇ ጀርባ ላይ። ክሩን በመርፌው ቀዳዳ በአንድ ሙከራ አሳለፈችና ለብቻዋ ፈገግ አለች። የመጀመሪያውን እጅጌ ሰፋች። ስፌቱ እንደ ማስመሪያ ቀጥ ያለ ነበር።

ሁለተኛውን ስታነሣ አንድ ራስ በመስኮቱ ብቅ አለ። "እንደምን አደሩ እትዬ? ላየው ብዬ ነው፤ ማጠፊያው ይጮሃል?" አለ ሽባባው። እሱ ሳይሄድ አቶ ቸኮል ከዣንጥላቸው ጋር መጡና ብረቱን በጥፍራቸው አንኳኩ። ደረበ ካሚዮኑን መንገድ ዳር አቁሞ ሚስቱን ሊያሳይ መጣ። የሻረግ ብርቄን በመስኮቱ አሾልካ ጨርቁ ክምር ላይ አስቀመጠቻትና፣ "ገበያ ደርሼ ልምጣ" ብላ ሄደች። ኢንጂነር ቢተው የተቀደደ ኪሱን ይዞ መጣ። በመጨረሻ አቶ አጥናፉ ዱላቸውን ጥለው፣ ቀጥ ብለው እየተራመዱ ደረሱ፤ ክርናቸውን መስኮቱ ላይ አስደግፈው ስለ ወገባቸው ሙሉ ሰዓት አወሩ።

ማንጠግቦሽ ያን ቀን የሰፋችው አንድ እጅጌ ብቻ ነው። ሁለት መቶው ዩኒፎርም ግን ለጳጉሜን አልቆ ታጥፎ ተደረደረ። ስትሰፋም ስታወራም ከረመች።

እኔም የሰማሁትን ይኸው ነገርኳችሁ፤ ለተናጋሪው ጉሮሮ፣ ለሰሚው ጆሮ ጤና ይስጥልን።